የእናቴ እንቅርት «ቶክሲክ» ነው ተባለ፤ ቢላዋ ከነካው ይበተናል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «እናቴ 52 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ነው። እንቅርቱ ከልጅነቷ ጀምሮ አለ፤ እኛን ከወለደች በኋላ እያደገ መጣ። ዘንድሮ ግን ልቧ ይመታል፣ ከስታለች፣ ቡና ስትቀዳ እጇ ይንቀጠቀጣል። ደብረ ብርሃን አምጥቼ አስመረመርኳት። ወረቀቱ ላይ ‹ቲኤስኤች ከ0.01 በታች፣ ፍሪ ቲ4 ከፍተኛ፣ ቶክሲክ መልቲኖዱላር ጎይተር፣ ኤፍኤንኤ ቤቴስዳ 2› ይላል። ፒቲዩ እና ፕሮፕራኖሎል ታዘዘላት፤ ኦፕራሲዮኑ ቆይቶ ነው አሉን። ጎረቤት ደግሞ ‹ዕጢ ቢላዋ ከነካው ይበተናል› ብሎ አስፈራት። ‹መድኃኒቱም እብጠቱን አላጎደለልኝም› ብላ ልታቆመው ነው። ቶክሲክ ማለት መርዝ ነው? ካንሰር ነው? እኔም የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ወደኔ ወይም ወደ ልጄ ይተላለፍ ይሆን?»

ምላሽ

እህቴ፣ ሌላውን ከማብራራቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ዛሬውኑ ደውይና እናትሽ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ ንገሪያቸው። እብጠቱ ስላልጎደለ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። የታዘዘውም እብጠት ለማጉደል አይደለም። ለምን እንደሆነ በኋላ እደርስበታለሁ።

ቤታችሁን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ «ዕጢ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። ሐኪም ዕጢ ሲል ብዙውን ጊዜ ሁላችንም ይዘነው የምንወለደውን፣ ለሰውነት የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር የሚያመነጭ አካል ማለቱ ነው። አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ፣ አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ፣ ኩላሊት አናት ላይ የሚቀመጠው አድሬናል፣ ቆሽትም ጭምር ዕጢዎች ናቸው። ሰፈር ውስጥ ግን ዕጢ ሲባል ያልነበረና በኋላ የበቀለ፣ ምናልባትም ክፉ የሆነ እብጠት ማለት ነው። ሐኪሙ «የታይሮይድ ዕጢ ችግር አለባቸው» ሲል ጎረቤት «ካንሰር አለባቸው» ብሎ የሚሰማው ለዚህ ነው። እናትሽ አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ አብሯቸው የተወለደ ነው። እሱ ሲያድግ ነው እንቅርት የምንለው።

በእርግጥ አንገት ላይ የወጣ ሁሉ እንቅርት አይደለም። በአገራችን ብዙ ጊዜ የምናየው የአንገት ጎን እብጠት የንፍፊት ቲቢ ነው። ንፍፊት ከታይሮይድ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቲቢ መሆኑ ከተረጋገጠም አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር የቲቢ መድኃኒት ይድናል። ልጆች ላይ ከጆሮ ሥር ጀምሮ ጉንጭ የሚያሳብጠው ጆሮ ደግፍ ደግሞ የምራቅ ዕጢ ሕመም ነው። ለመለየት ሐኪም መጀመሪያ የሚያደርገውን አንቺም ቤት ውስጥ ልታዪው ትችያለሽ። እናትሽን ከበሩ አጠገብ፣ ብርሃን በደንብ በሚገባበት ቦታ አስቀምጫቸው። አገጫቸውን ትንሽ ቀና አድርገው አንድ ጉንጭ ውኃ ይያዙ፤ ሲውጡ አንገታቸውን ተመልከቺ። ታይሮይድ ከማንቁርቱና ከአየር ቧንቧው ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሮ ሽቅብ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ንፍፊት ግን ውኃ ተዋጠም አልተዋጠም ካለበት አይነሳም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ። እንቅርትን በሚመለከት ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ አንዱ የሌላው መልስ ሊሆን አይችልም። ዕጢው ሥራው በዝቷል፣ አንሷል ወይስ ልክ ነው? ውስጡ ካንሰር አለ ወይስ የለም? አየር ቧንቧውንና የምግብ መውረጃውን ተጭኗል ወይስ አልተጫነም? አንገታቸውን የሞላ እንቅርት ይዘው ሥራው ፍጹም ልክ የሆነ እናቶች አሉ። ከውጭ ምንም የማይታይ እብጠት ይዘው ልባቸው ሊደክም የደረሰም አሉ። አንገትን አይቶ በመጠኑ ብቻ መፍራት ወይም በመጠኑ ብቻ መጽናናት ብዙ ሰው ጎድቷል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሱት ቲኤስኤች እና ፍሪ ቲ4 ናቸው። ታይሮይድ ከምግብ ያገኘውን አዮዲን ተጠቅሞ ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉ ሆርሞኖችን ይሠራል። ቁጥሮቹ በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉትን የአዮዲን አቶሞች ያመለክታሉ። ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት እንደሚያመነጭ፣ አንጀት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚወስኑት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ቲኤስኤች ግን ከታይሮይዱ አይመጣም፤ የሚልከው አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ነው። ሥራ እንደሚቆጣጠር ሰው አድርገሽ ውሰጂው፤ ሠራተኛው ሲለግም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል፣ ከሚፈለገው በላይ ሲሠራ ዝም ይላል። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ቲ4 ሲወርድ ታይሮይዱ ሥራው አንሷል፤ ይህ ሃይፖታይሮይዲዝም ይባላል። ቲኤስኤች ወርዶ ቲ4 ሲጨምር ደግሞ ሥራው በዝቷል፤ ይህኛው ሃይፐርታይሮይዲዝም ነው። በብዙ ላቦራቶሪ የአዋቂ ሰው ቲኤስኤች ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ሲሆን ልክ ነው ይባላል። የእናትሽ ከ0.01 በታች ነው፤ ፒቱታሪያቸው ጨርሶ ዝም ብሏል።

«ቶክሲክ» የሚለውም ከዚህ የተለየ ነገር አይናገርም። በሰውነታቸው ውስጥ መርዝ የለም። ጎይተር እንቅርት ነው። መልቲኖዱላር ማለት ብዙ ጓል ያለበት ማለት ነው፤ በእጅሽ ስትዳስሽው ወጣ ገባ የሚለው እሱ ነው። ቶክሲክ የተባለው ከጓሎቹ አንዳንዶቹ የፒቱታሪን ትእዛዝ መስማት ትተው በራሳቸው ፈቃድ ሆርሞን ስለሚያመርቱ ነው። ለብዙ ዓመት አዮዲን ያነሰው ታይሮይድ በመጀመሪያ እኩል ያድጋል፣ ቀጥሎ ጓል ጓል ይሆናል፣ በመጨረሻ ከጓሎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ያምፃሉ። በልጅነት የጀመረ እንቅርት በ50ዎቹ ዕድሜ ልብ ማስመታት የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው፤ የእናትሽ ታሪክም ቁልጭ ያለ ምሳሌ ነው። በወጣቶች ላይ በብዛት የምናየውና ዓይን የሚያስፈጥጠው ግሬቭስ የተባለው ሕመም ሌላ ነው። እሱ የሰውነት መከላከያ ስቶ ታይሮይዱን ሲቀሰቅሰው የሚመጣ ነው።

በመንዝ ይህን ሕመም ለመጠርጠር ብርዱ ራሱ ያግዛል። ሰው ሁሉ ዝተት ተከናንቦ በሚያድርበት ውርጭ አንዲት እናት ልብሷን እየጣለች «ሞቀኝ» ካለች፣ እየበላች ከከሳች፣ ትንሽ ዳገት ካስቆማት ታይሮይዷ መታየት አለበት። በተቃራኒው ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዳም ጋቢ የማትጥል፣ ፊቷ ያበጠ፣ ሆድ ድርቀት የያዛት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላት ሴት ሥራው አንሶባት ሊሆን ይችላል። የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ለመከታተል ደግሞ ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ጣቶቻቸውን ይክፈቱ፤ አንድ ወረቀት ከላይ አስቀምጪበት። የወረቀቱ ጠርዝ ሲርገበገብ ታያለሽ። መድኃኒቱ ሲሠራ ይሄ መርገብገብ እየቀነሰ ይሄዳል። የልብ ምታቸውም ይቀንሳል፣ ኪሎ መጨመር ይጀምራሉ። የመድኃኒቱን ሥራ በዚህ መዝኑት እንጂ በአንገታቸው ስፋት አትመዝኑት።

ሁለተኛውን ጥያቄ የመለሰው ኤፍኤንኤ ነው፤ በቀጭን መርፌ ከጓሉ ላይ ሴሎች ተወስደው በማይክሮስኮፕ የሚታዩበት ምርመራ ነው። ቤቴስዳ ከ1 እስከ 6 የሚሄድ አመዳደብ ሲሆን 2 ማለት ካንሰር ያልሆነ ማለት ነው። 6 ቢሆን ኖሮ ካንሰር ይባል ነበር፤ 1 ደግሞ የተወሰደው አልበቃም፣ ይደገም ማለት ነው። በ2 ውስጥም ጥቂት ስህተት ስለማይጠፋ በአልትራሳውንድ መከታተሉ ይቀጥላል። ጓሉ በፍጥነት ካደገ፣ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ድምፃቸው ጎርነን ብሎ በዚያው ከቀረ፣ ወይም በአንገት ጎን ንፍፊት ከወጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። ዛሬ ግን ካንሰር አለባቸው የሚያሰኝ ምልክት ወረቀቱ ላይ የለም።

«ቢላዋ ከነካው ይበተናል» የሚለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው ካንሰር እያለበት ዘግይቶ ይመጣል፤ በዚያ ጊዜ ካንሰሩ ቀድሞ ሌላ ቦታ ደርሷል። ኦፕራሲዮን ተደርጎ በዓመቱ ሲሞት ጥፋቱ የቢላዋው ይሆናል። የገደለው መዘግየቱ ነው። የታይሮይድ ካንሰር ራሱ ዋነኛ ሕክምናው በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው፤ የእናትሽ ደግሞ ካንሰርም አይደለም። በጣም የሚያስፈራኝ ሌላው ቢላዋ ነው፤ በየመንደሩ እንቅርት የሚበጣውና የሚተኩሰው። ታይሮይድ በደም ሥር የተሞላ አካል ስለሆነ ሲበጣ ደሙ ላይቆም ይችላል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ጸበሉን ይጠመቁ፣ ይጠጡ፤ መድኃኒቱን ግን ከጸበሉ ጋር አብረው ይውሰዱ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ወረቀቱ አይመልሰውም፤ አንቺ ጠይቂያቸው። ጋደም ሲሉ አየር ያጥራቸዋል? እንጀራ ሲውጡ ይይዛቸዋል? ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ክንዳቸውን ከጆሯቸው አስጠግተው አንድ ደቂቃ ይቆዩ። ፊታቸው ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው እጃቸውን ያውርዱና ለሐኪሙ ተናገሩ፤ እንቅርቱ ከደረት አጥንት ኋላ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ የኦፕራሲዮኑን ዝግጅት ይለውጠዋል። ለዚህ ሲቲ ስካን ከታዘዘ በደም ሥር የሚሰጠው ማድመቂያ አዮዲን ስላለበት ታይሮይዳቸው ሥራው የበዛ መሆኑን ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩት።

መድኃኒቶቹን በተመለከተ፣ ፒቲዩ አዲስ ሆርሞን እንዳይመረት ይከለክላል። ቀድሞ የተመረተው እስኪያልቅ ለውጡን በደንብ ለማየት ሳምንታት ይፈጃል። ፕሮፕራኖሎል ሆርሞኑን ብዙም አይነካም፤ የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ነው የሚያረጋጋው፤ ስለዚህ ቶሎ ይሰማል። አስም ካለባቸው ግን ለሐኪሙ መነገር አለበት። በሚቀጥለው ምርመራ ቲ4 ወደ ልኩ ወርዶ ቲኤስኤች አሁንም ዝቅ እንዳለ ብታዪ አትደንግጪ፤ ፒቱታሪ ከዝምታው ለመንቃት ወራት ይወስድበታል።

ፒቲዩ አብዛኛውን ጊዜ በየ8 ሰዓቱ ስለሆነ ጾም ላይ ይቸግራል። ማታ 4 ሰዓት ቀላል ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓትና በተለይ የቀኑ 8 ሰዓት ግን ከጾሙ ጋር ይጋጫሉ። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የቀኑን እየዘለሉ ተመልሰው ልባቸው እየዘለለ የሚመጡ እናቶችን አያለሁ። ለንስሐ አባታቸው ሕመሙን ይንገሯቸው፤ ለታመመ ሰው መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድን የሚከለክሉ አባት አላጋጠሙኝም። እንደ ሁኔታው ሐኪሙም በቀን አንድ ጊዜ ወደሚወሰድ መድኃኒት ሊቀይርላቸው ይችል እንደሆነ ጠይቂው።

ይህን ደግሞ በደማቁ ጻፊውና ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ በፒቲዩ ላይ ሳሉ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም አንድ ላይ ከመጡ ፒቲዩውን አቁመው በዚያው ቀን የነጭ ደም ሴል ምርመራ ያድርጉ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የነጭ ደም ሴሎችን ክፉኛ ይቀንሳል፤ ጉንፋን ነው ብሎ ቤት መተኛት ሕይወት ያስከፍላል። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንታቸው ከጠቆረ ጉበታቸው ሊሆን ይችላልና ያኔም ፒቲዩውን አቁመው ወዲያው ይታዩ። በራስ ፈቃድ ሁሉንም ማቆም ግን ሌላ አደጋ አለው። ልብ ምቱ ሥርዓት ያጣና ደም ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ትውከት፣ መቃዠትና የማይቆም የልብ ምት አንድ ላይ ከመጡ የታይሮይድ ማዕበል የምንለው ነው፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያስፈልጋል።

«ኦፕራሲዮኑ ቆይቶ» የተባለውም ለዚሁ ነው። ሆርሞኑ በዝቶ ሳለ ሰመመን ሰጥቶ ዕጢውን መንካት ያንን ማዕበል ሊያስነሳ ይችላል። መጀመሪያ ቲ4 ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ከዚያ ነው ቀዶ ጥገናው። ሐኪሞቹ ቸል ብለዋቸው ወይም ወረፋ በዝቶ ነው ብለሽ አትዘኚ። ለዘላለም በመድኃኒት ብቻ ይቆዩ ብትዪም ብዙ አልመክርሽም። ግሬቭስ ከ12 እስከ 18 ወር መድኃኒት ተወስዶ አንዳንድ ሰው ላይ ይለቃል። ያመፀ ጓል ግን ፒቲዩ ባቆሙ ቁጥር ተመልሶ ይነሳል። በሌላ አገር የሚዘወተረው የሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና በየሆስፒታላችን የሚገኝ አይደለም፤ ትልቅና የሚጫን እንቅርት ላይ ደግሞ ቀዶ ጥገና ይሻላል።

ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ስለ ድምፅና ስለ ካልሲየም። ከታይሮይዱ ኋላ የድምፅ ነርቮች ያልፋሉ፤ ሲነኩ ድምፅ ይጎረናል፣ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። እዚያው ፓራታይሮይድ የሚባሉ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ አራት ትንንሽ ዕጢዎችም አሉ። ስማቸው ከታይሮይድ ጋር ቢቀራረብም ሥራቸው የደም ካልሲየምን መጠበቅ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ቀናት የከንፈር ዙሪያና የጣት ጫፍ መደንዘዝ ወይም መጠቅጠቅ ከተሰማቸው ካልሲየም አንሷል ማለት ነውና ወዲያው ይናገሩ። በመጀመሪያው ቀን አንገታቸው በድንገት አብጦ አየር ካጠራቸውም ነርሷን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፤ ከውስጥ እየደሙ ሊሆን ይችላል።

ታይሮይዱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ዕጢው ይሠራው የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ። በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስና ከቡና ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚወሰደው። ቡና፣ የካልሲየምና የብረት ኪኒን እንዳይመጠጥ ያደርጉታል፤ ካልሲየሙንና ብረቱን በ4 ሰዓት ያርቁ። ጠዋት የማይመቻቸው ከሆነ እራት ከበሉ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ሲተኙ መውሰድም ይቻላል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። እንቅርት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከአንድ ማዕድ በልቶም አይያዝም። በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ላይ የሚታየው በአብዛኛው የአንድ መሬት እህልና የአንድ ማሰሮ ጨው ስለሚበሉ ነው። አዮዲን በብዛት ያለው ባሕር ውስጥ ነው። የመንዝ ተዳፋት አፈር ዘመናት ሙሉ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዷል፤ በዚያ አፈር የበቀለ ገብስና ባቄላም አዮዲን ያንሰዋል። ዓሣ ከማዕድ የለም፤ ወተትና እንቁላሉም በጾም ይቀራል። ጎመን እንቅርት ያመጣል ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። በጥሬው በብዛት ተበልቶ አዮዲንም ካነሰ ያባብሳል፤ ተቀቅሎ ከጨውሽ ውስጥ አዮዲን ካለ ግን አትፍሪው።

መፍትሔው አዮዲን ያለው ጨው ነው። ድሮ ከአሰብ የሚመጣው ጨው በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ቀረና ቦታውን የአፍዴራ ጨው ያዘ፤ ያኔ አብዛኛው ጨው ያለ አዮዲን ነበር የሚመጣው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም ነው። ሆኖም ገበያ ላይ በኩንታል ተዘርግቶ በጣሳ የሚሰፈረው ጥሬ ጨው እና አሞሌ በአዮዲኑ አይታመኑም። አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ግዢ፤ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወጥ ሊወጣ ሲል ነው የሚጨመረው። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ያለው ጨው ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ማለትም 5 ግራም፣ የአዋቂን የቀን ፍላጎት 150 ማይክሮግራም ይሞላል። ጨው ማብዛት አያስፈልግም። ለእናትሽ ይህ ጨው ያደገውን እንቅርት አይመልስም፤ በወጥ ውስጥ መብላታቸው ግን ችግር የለውም። የሚከለከለው የአዮዲን ጠብታ ወይም ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ነው፤ ያመፁትን ጓሎች ይቀልባቸዋል።

ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገው ወደ 250 ማይክሮግራም ከፍ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ፅንሱ የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን ስለማይሠራ አንጎሉ የሚያድገው ባንቺ ሆርሞን ነው፤ ከዚያ በኋላም አዮዲኑን የሚያገኘው ካንቺ ነው። በእርግዝና ከባድ የአዮዲን እጥረት ሲኖር ልጅ መስማት የማይችልና አእምሮው የዘገየ ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በኋላ በመድኃኒት አይመለስም። ስለዚህ የጨውን ነገር ለነገ አትበዪው። በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትልሽ እናትሽ የታይሮይድ ሕመም እንዳለባቸው ተናግረሽ ቲኤስኤችሽ ይታይ፤ ከጨው በተጨማሪ አዮዲን ያስፈልግሽ እንደሆነም ጠይቂ። በሦስተኛው ወር አካባቢ የእርግዝናው ሆርሞን ራሱ ቲኤስኤችን ትንሽ ስለሚያወርደው፣ ውጤቱ ከ0.4 በመጠኑ ቢያንስ ብቻውን በሽታ ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ ፍሪ ቲ4 አብሮ ይታይና ሐኪምሽ ሁለቱን አንድ ላይ ያንብባቸው።